ሽጉጡ ተገኘ፤ ማኅደሩስ?

በቋንቋችን ማኅደር የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። ኀደረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የተወለደ ስለሆነ ፍቺው ማደሪያ ነው። የካህኑ ዳዊት የሚያድርበት፣ በጠፍር ተንጠልጥሎ በትከሻ የሚያዘው የቆዳ ቤት ማኅደር ይባላል። በመሥሪያ ቤት የአንድ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገቱና የቅጣቱ ወረቀት የሚቀመጥበት ፋይልም ማኅደር ይባላል። የፖሊሱ ሽጉጥ የሚያድርበት፣ በቀበቶ ተሰክቶ ከወገብ የሚታጠቁት ቆዳም ስሙ ያው ማኅደር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ይሁን እንጂ የፊተኞቹ ሁለቱ ነገሩን ለመረዳት ይጠቅሙናልና አንባቢ እንዳይዘነጋቸው እናሳስባለን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያለፈውን ዘመን ዕቃ ሰብስቦ ለሕዝብ የማሳየት ፍላጎት በአገራችን እያደገ መጥቷል። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 በመጡ ቁጥር የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን ልብስ ለብሰው፣ ዝናር ታጥቀው አደባባይ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ችግር ይታያል። ብረቱ የአንድ ዘመን፣ ቀበቶው የሌላ ዘመን፣ ማኅደሩ ደግሞ ከቅርቡ ገበያ የተገዛ ይሆናል። የተመልካቹ ልጅም ሦስቱን ባንድነት አይቶ «የያኔ ሰው እንዲህ ነበር» ብሎ ተምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነገሩን ወደ አንድ ሥፍራ አቅርበን እንመልከተው። በምዕራብ ሸዋ፣ በጅባት ወረዳ፣ በሸነን ከተማ አንድ ቤተሰብ የአያቱን የፖሊስነት ዘመን የሚያስታውስ ባለ ስድስት ጥይት አሮጌ ሽጉጥ በሕግ መንገድ ለወረዳው አስረከበ እንበል። ወጣቱ የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሽጉጡን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ለተማሪዎች ሊያሳይ ይፈልጋል። ማኅደሩ ግን የለም። ታዲያ ምን ያድርግ? ከገበያ ያገኘውን አሮጌ ማኅደር ይግዛ? ከጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ አዲስ ያሰፋ? ወይስ ሽጉጡን ራቁቱን ያስቀምጠው? እነዚህ ጥያቄዎች ለብዙ ሰው ተራ ይመስሉታል። በእኛ አስተያየት ግን ታሪክን በማክበርና ታሪክን በማስመሰል መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እንደዚህ ባለው ትንሽ ነገር ላይ ነው።

ቆዳው የሚናገረው

ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ ነው። በበርሚንግሃም ተሠርቶ፣ በአንድ ጦርነት ውሎ፣ ተማርኮ፣ ተሽጦ፣ ተሰጥቶ በመጨረሻው ሸነን ሊደርስ ይችላል። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የፋብሪካ ስም የሚነግረን የተወለደበትን ነው። የኖረበትን የሚነግረን ቆዳው ነው። በየትኛው ወገን ይታጠቁት እንደነበር፣ ባለቤቱ ቀኝ ይሁን ግራኝ፣ በፈረስ ይሄድ ወይም በእግር፣ ዕቃውን የሰጠው መንግሥት ይሁን ወይም ራሱ ያሰፋው፣ ይህን ሁሉ ማኅደሩ ያስረዳል። የሠራተኛው ማኅደር የሠራተኛውን ኑሮ እንደሚናገር፣ የሽጉጡም ማኅደር የሽጉጡን ኑሮ ይናገራል። ስለዚህ የሌላውን ማኅደር አምጥቶ መግጠም የሌላውን ሰው ፋይል በዚህኛው ስም እንደማስቀመጥ ነው።

ከዚህም በላይ የማኅደር አሠራር ስለ ፖሊሱ ጠባይ ይመሰክራል። የእንግሊዝና የሌሎችም የአውሮፓ ሠራዊቶች ያሰፉት የነበረው የቆዳ ማኅደር በአብዛኛው ባለ ክዳን ነው። ክዳኑ በዘለበት ወይም በነሐስ ቁልፍ ይዘጋል፤ ሽጉጡን ለማውጣት አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፊልም የምናየው የከብት ጠባቂው ማኅደር ግን ክዳን የለውም፤ ወደ ጭን ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ የተሰፋውም ፈጥኖ ለመተኮስ ነው። ባለ ክዳኑን የታጠቀ ፖሊስ መሣሪያው የመጨረሻ ነገሩ እንደሆነ ሳይናገር ያስታውቃል። በእርሱ ፈንታ ክፍቱን ማኅደር ብናስታጥቀው ግን ያንን የሕግ ሰው ሳናስበው ወደ ፊልም ተኳሽነት ለውጠነዋል ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት በጥይት ድምፅ ብዙ በተጎዳ አካባቢ፣ ለልጆች የምናሳየው መሣሪያ ክዳን ያለው ወይም የሌለው መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

አስቀድሞ ሕጉ

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት ሕጉን ማስታወስ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝ በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» ማለት ከሕግ ፊት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ደግሞም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ተንቀሳቃሽ ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዛል። እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ሽጉጡን ይዞ ወደ ገበያ መውጣት ሳይሆን ለፖሊስ ማስታወቅና በመሣሪያ ባለሙያ እጅ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ማኅደሩን ለመፈለግ ሽጉጡን ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም፤ የተለካበት ወረቀትና ፎቶግራፉ ይበቃል።

ብረቱን ማንበብ

ትክክለኛውን ማኅደር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሽጉጡን ማወቅ አለበት። ተሽከርካሪ ቋት ያላቸው አሮጌ ሽጉጦች በአከፋፈታቸው በሦስት ወገን ይለያሉ።

የመጀመሪያው ከወገቡ የሚሰበረው ነው። መቀርቀሪያው ሲለቀቅ አፈሙዙ ወደ ታች ይታጠፍና ቀለሃዎቹ ባንድነት ወደ ውጭ ይገፋሉ። የእንግሊዞቹ ዌብሊና ኤንፊልድ ከዚህ ወገን ናቸው። ዌብሊ ቁጥር 6 የሚባለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 የተደነገገ ሲሆን ጥይቱ ወፍራም፣ የበርሜሉ ርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1930ዎቹ የተተካው ኤንፊልድ ቁጥር 2 ቀለል ያለ፣ በርሜሉም 12.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት በቃል ሲነገር ኢምንት ነው፤ በቆዳ ላይ ግን ይታወቃል። አጭሩ በረጅሙ ማኅደር ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከታች ባዶ ሥፍራ ይተዋል።

ሁለተኛው ቋቱ ወደ ጎን የሚወጣው ነው። የአሜሪካኖቹ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እንደዚህ ይከፈታሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለእንግሊዝና ለተባባሪዎቿ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሽጉጥ ሠርቶ ስለላከ፣ አሜሪካ የተሠራ ሽጉጥ በእንግሊዝ ማኅደር ውስጥ ቢገኝ ስሕተት ነው ብሎ መቸኮል አይገባም።

ሦስተኛው በጎኑ ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ የሚጎርሰው ነው። የሩስያው ናጋንና የኢጣልያው ቦዴዮ ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ። ናጋን ሰባት ጥይት ይጎርሳል። ቦዴዮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የተደነገገ ሲሆን የጥይቱ ውፍረት 10.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለተራ ወታደር የተሠራው የሚታጠፍ ቃታ አለው፣ የቃታ መከለያ ግን የለውም።

በእጀታው ግርጌ ያለውንም የብረት ቀለበት መመልከት ያስፈልጋል። ቀለበቱ ሽጉጡ እንዳይወድቅና እንዳይነጠቅ በገመድ ከትከሻ ወይም ከአንገት ጋር የሚታሰርበት ነው። ቀለበት ያለው ሽጉጥ ማኅደር ብቻ ሳይሆን ገመድም ነበረውና ፍለጋው የሁለቱም መሆን አለበት።

ዘመኑን ማንበብ

ሽጉጡ ከታወቀ በኋላ የታጠቀው ሰው ዘመን ይጠናል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን ጸጥታ ይጠብቅ የነበረው ዘበኛ ነው፤ የአራዳ ዘበኛ የሚለው ስም እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። ጠላት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይ፣ በኋላ ራስ፣ ከተማውን ለቀው ወደ ሸዋ በረሃ በመውጣት ታላቅ አርበኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የፖሊስና የአርበኛ ታሪክ በአንድ ቀበቶ ላይ ተቀላቀለ ማለት ይቻላል።

ምዕራብ ሸዋም በዚህ ታሪክ የራሱ ድርሻ አለው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መሪነት በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የወጡ ዕጩ መኮንኖች በ1928 ዓ.ም. በወለጋ ከተቋቋመው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ። በደንዲና በጊንጪ አካባቢ ደግሞ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ጃገማ ኬሎ ገና በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ግድም ጫካ ገብተው አምስቱን ዓመት ተዋግተዋል። በዚያን ጊዜ መሣሪያ የሚገኘው ከጠላት በመማረክ ስለነበረ፣ ከዚህ አካባቢ የሚወጣ አሮጌ ሽጉጥ የኢጣልያ ሥራ ሆኖ ቢገኝ አያስገርምም።

ከድል በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል የእንግሊዝ የፖሊስ አማካሪዎች እንዲመጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 6 የኢትዮጵያ ፖሊስ ሠራዊት በአገር ደረጃ ተቋቋመ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ውል ተፈረመና የአሜሪካ መሣሪያ በብዛት መግባት ጀመረ። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ተራው የሶቪየት ኅብረት ሆነ፤ ማካሮቭ ሽጉጥም ከነማኅደሩ በየወገቡ ታየ። እንግዲህ አንድ ሰው በጅባትና ሜጫ አውራጃ በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ፖሊስ ከነበረ፣ የማካሮቭ ማኅደር ሊታጠቅ አይችልም። ይህ ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በገበያ ላይ «የድሮ የፖሊስ ማኅደር» ተብሎ የሚሸጠው ቆዳ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የፋብሪካ ማኅደር ዐይነቶች

የእንግሊዝ መኮንን በትከሻው ላይ ሰያፍ ጠፍር ያለበት ቡናማ ቀበቶ ይታጠቅ ነበር። ቀበቶው ሳም ብራውን ይባላል። ስሙን ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 በሕንድ ጦርነት ግራ ክንዱን ካጣ የእንግሊዝ መኮንን ነው። ሰይፉን በአንድ እጅ ለመምዘዝ አፎቱ እንዳይወዛወዝበት ይህን ጠፍር እንደ ፈለሰፈ ይነገራል። ይህ ቀበቶ በአገራችንም የታወቀ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ልብስ ለብሰው በተነሡባቸው በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ይታያል። በዚህ ቀበቶ ላይ የሚሰካው ማኅደር ባለ ክዳንና በአንድ ቀለም የተወለወለ ቆዳ ነው።

ለተራው ሠራዊት ግን እንግሊዞች የሸራ ማኅደር ይሰጡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 የተደነገገው ትጥቅ ከቀበቶው እስከ ማኅደሩ በሙሉ ከተሸመነ ሸራ የተሠራ ነው። የመንግሥት ዕቃ መሆኑን የሚያስረዳ የወፍ እግር የመሰለ ቀስት፣ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት ብዙ ጊዜ በውስጥ በኩል ታትሞ ይገኛል። ቀስቱ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የኢጣልያ ሠራዊት ቆዳ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ነበረው። የቤሬታ ማኅደር ጠፍጣፋ ሆኖ ለትርፍ ካርታ የተሰፋ ትንሽ ኪስ በፊቱ ላይ አለበት። የማካሮቭም ማኅደር የካርታ ኪስ አለው። ኪሱ የሚያስረዳው ማኅደሩ ለካርታ ጎራሽ ሽጉጥ እንጂ ለተሽከርካሪ ቋት እንዳልተሰፋ ነው። ባለ ቋቱን ሽጉጥ በግድ ብንከትበት ሆዱ አይበቃውም፤ ክዳኑም አይዘጋም።

ነገር ግን ሽጉጡ በማኅደሩ ውስጥ መግባቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአንድ ሰው ጫማ ለሌላው ሊበቃው ይችላል፤ ስለ በቃው ግን የእርሱ ነበር አይባልም።

የአገር ቤት እጅ

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች መጻሕፍት ሊገኝ የሚችል ነው። ወደ እኛ አገር ስንመጣ ግን እነዚያ መጻሕፍት የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ከጠላት ሽጉጥ የማረከ አርበኛ ማኅደሩን ሁልጊዜ አብሮ አልማረከም። ሸራው በክረምት ዝናብ የበሰበሰበት፣ ቆዳው የተሰነጠቀበት የአውራጃ ፖሊስም አዲሱ እስኪመጣለት ሽጉጡን በእጁ ይዞ አይውልም። እንዲህ ያለ ሰው የሚሄደው ጋሻ፣ ኮርቻ፣ የሰይፍ አፎት፣ ዝናርና የመጽሐፍ ማኅደር ወደሚሠራው የአገሩ ቆዳ ሠራተኛ ነው። ለዚያ እጅ የሽጉጥ ማኅደር መስፋት አዲስ ጥበብ አልነበረም፤ የዳዊት ማኅደር የሚሰፋ ሰው መጠኑን ብቻ መለወጥ ነው የሚጠበቅበት።

ይህን የመሰለ ማኅደር ሲገኝ በውጭ አገር መዝገብ ላይ ስለሌለ «ትክክለኛ አይደለም» ተብሎ ሊጣል ይችላል። ፍርዱ ስሕተት ነው። ለዘመኑ ትክክለኛ የሚባለው ፋብሪካው የሰፋው ሳይሆን ሰውዬው በእውነት የታጠቀው ነው። በምዕራብ ሸዋ ለተገኘ የአርበኛ ሽጉጥ በአገሩ ልፋት የለፋ፣ በወስፌ ተበስቶ በጅማት ወይም በጠፍር የተሰፋ፣ በነሐስ ቁልፍ ፈንታ በቆዳ ቋጠሮ የሚዘጋ ማኅደር ከእንግሊዙ ይልቅ እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ታሪክ አለ። ፋቂ የሚለው ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ተናጋሪው ዘንድ የንቀት ስም ሆኖ ኖሯል። ጀግናው የታጠቀው ዝናር፣ ፈረሰኛው የተቀመጠበት ኮርቻ፣ ካህኑ ያነገተው ማኅደር ሁሉ የዚህ ሰው ሥራ ነው። እርሱ ራሱ ግን ከማኅበርተኛ ተራ ተገልሎ ይኖር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው ስም መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ንቀቱን በአንድ ቀን ሊያጠፋው አልቻለም። ከንቀቱም የተነሣ የሠሪው ስም በየትም አልተመዘገበም፤ የበርሚንግሃሙ ፋብሪካ ስም በብረቱ ላይ ተቀርጾ ሲኖር የጅባቱ ሰፊ ስም ከቆዳው ጋር ጠፋ። ስለዚህ አገር በቀሉን ማኅደር ጥለን የባዕዱን በገዛን ቁጥር ያን ንቀት ለሁለተኛ ጊዜ እንፈጽማለን።

ሐሰተኛውን ለመለየት

አሮጌ ነገር ዋጋ ባገኘ ቁጥር አስመሳይ አይጠፋም። ቆዳን በሻይ ነክሮ፣ በጫማ ቀለም አጥቁሮ፣ በፀሐይ አድርቆ የመቶ ዓመት ዕድሜ መስጠት አስቸጋሪ አይደለም። ገዢው ግን ጥቂት ነገር ቢያውቅ አይታለልም።

አንደኛ፣ ክሩን ይመልከት። በጥንቱ ሥራ ክሩ በሰም የተቀባ ተልባ ወይም ጅማት ነው። ናይሎን ለገበያ የቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በናይሎን የተሰፋ ማኅደር በዓድዋ ዘመን አልነበረም። በባንክ የብር ኖት በሚመረመርበት ሐምራዊ መብራት ሥር ሲታይ አዲስ ክር ብዙ ጊዜ ያበራል።

ሁለተኛ፣ የቆዳውን ጠርዝ ይመልከት። በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቆረጥ መሐሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ሆኖ ይታያል። በዛፍ ልጥና በቅጠል የለፋው ግን እስከ መሐሉ ቡናማ ነው። በክሮም ማልፋት በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ክሮም መሆኑ ብቻ ሐሰተኛ አያሰኘውም። ነገር ግን የአገር ቤት ሥራ ነው ተብሎ የቀረበ ማኅደር መሐሉ ግራጫ ከሆነ ጥርጣሬ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ውስጡን ይመልከት። ሽጉጥ ለብዙ ዓመት ያደረበት ቆዳ የሽጉጡን መልክ ይይዛል። ቋቱ ያረፈበት ሆዱ ያብጣል፤ የማነጣጠሪያው ጫፍ ሲገባና ሲወጣ መስመር ያሰምራል፤ አፈሙዙ የቆመበት ክብ ምልክት ይተዋል። እነዚህ ምልክቶች ከእኛ ሽጉጥ ጋር ከተስማሙ ከማናቸውም የሻጭ ምስክርነት ይበልጣሉ። ውጭው ያረጀ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ የሆነ ማኅደር ያረጀው በሰው እጅ ነው።

አራተኛ፣ መዝጊያውን ይመልከት። አውቶማቲክ የምንለው ተጫኝ ቁልፍ ጥንታዊ ቢሆንም፣ በአሮጌ ቀዳዳ አጠገብ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶ የተተከለ ከሆነ ክዳኑ ተለውጧል ማለት ነው።

አያያዝ

አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ለቆዳ የተነገረ ይመስላል። ትክክለኛው ማኅደር ከተገኘ በኋላ ሽጉጡን በውስጡ አስገብቶ ለዓመታት መተው አይገባም። ቆዳው ከልፋቱ የቀረ አሲድና እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝጋል፤ የነሐስ ቁልፉንም አረንጓዴ ዝገት ያወጣበታል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ አይቀመጡም። በአገራችን ልማድ ደረቅ ቆዳን በቅቤ ወይም በሞራ ማሸት የተለመደ ነው፤ ለዕለት መጠቀሚያ ይጠቅም ይሆናል፣ ለቅርስ ግን ጎጂ ነው። ቅባቱ ይሸታል፤ ሻጋታና አይጥ ይጠራል። በምዕራብ ሸዋ ደጋ የክረምቱ ርጥበት ብርቱ ስለሆነ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ፣ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ከፀሐይና ከጭስ መጠበቅ ይበቃል። ቅርጹ እንዳይጨማደድም በውስጡ የታጠበ ጨርቅ ይሞላል።

ካልተገኘስ?

በብዙ ሥፍራ የሚሆነው ይህ ነው። ማኅደሩ አልፎ ለጫማ መጣፊያና ለጠፍር ውሏል። የሸነኑ ወጣት ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ሦስት የቀና መንገድ አለው።

የመጀመሪያው ሥፍራውን ባዶ መተው ነው። ከሽጉጡ አጠገብ «ማኅደሩ አልተገኘም፤ የሚያውቅ ይንገረን» የሚል ጽሑፍ ቢቀመጥ ውርደት የለበትም። እንዲያውም ጎብኚው ወደ ቤቱ ሄዶ የአያቱን ሣጥን እንዲከፍት ያነሣሣዋል።

ሁለተኛው ምስክር መሰብሰብ ነው። በአምቦ አጠገብ ያለው የሰንቀሌ የፖሊስ ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት ፖሊሶችን አስመርቋል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጊንጪ የሚኖሩ ጡረተኛ ፖሊሶች ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የምረቃ ፎቶግራፍ ከመቶ ገጽ መጽሐፍ የበለጠ ሊያስረዳ ይችላል። ቀበቶው ሸራ ነው ወይስ ቆዳ? ማኅደሩ በቀኝ ነው ወይስ በግራ? ክዳኑ በምን ይዘጋል? ገመድ አለው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዞ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ መልካም የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው። ፎቶግራፉን ከባለቤቱ መውሰድ አያስፈልግም፤ በስልክ አንሥቶ፣ የተነሣበትን ዓመትና ቦታ ጽፎ መመለስ ይበቃል።

ሦስተኛው ቅጂ ማሠራት ነው። በተገኘው ፎቶግራፍና ልክ መሠረት በአካባቢው ያለ የቆዳ ባለሙያ አዲስ ማኅደር ይስፋ። ነገር ግን በሻይና በጫማ ቀለም አያስረጀው። በውስጥ በኩል የሠራበትን ዓመተ ምሕረትና የራሱን ስም በማይጠፋ ማኅተም ያትምበት። እንዲህ ከሆነ ቅጂው ማንንም አያታልልም፤ ባለሙያውም አባቶቹ ያላገኙትን ስም ያገኛል። ለመታየት ደግሞ በውስጡ ከእንጨት የተጠረበ የሽጉጥ አምሳያ ማስገባት ይቻላል፤ ልጆች የሚነኩት ያን ነው።

«በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ ሽጉጥ ማኅደር መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በአንድ ወረዳ በጀት ላይ መንገዱና ጤና ጣቢያው ከቤተ መዘክር እንደሚቀድሙ አንክድም። ነገር ግን ከላይ ከተናገርነው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። ገንዘብ የሚያባክነው በተቃራኒው መንገድ የሚሄደው ነው፤ ከአስመሳይ ነጋዴ የተገዛ አንድ ሐሰተኛ ማኅደር ዋጋው የአንድ ጎበዝ ሰፊ የብዙ ቀን ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በትንሹ ዕቃ ላይ «ይመሳሰላል፣ ይበቃል» ማለትን የለመደ ሠራተኛ ነገ በመሬት መዝገብና በክስ ፋይል ላይም ያንኑ ይላል። ትክክለኛውን ማኅደር መፈለግ የጽሕፈት ቤት ሥራ ልምምድ ነው፤ ማስረጃን ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት፣ የጎደለውን ጎደለ ብሎ መጻፍ፣ የተጨመረውን ማን እንደ ጨመረው ማሳወቅ ማለት ነው።

ስለዚህ ለወጣት ሹማምንትና ለተማሪዎች የምንለው ይህ ነው። በወረዳችሁ አሮጌ የፖሊስ ወይም የአርበኛ ሽጉጥ ሲመዘገብ፣ በመዝገቡ ላይ ከቁጥሩና ከፋብሪካው ስም ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ መስመር ይኑር፦ ማኅደሩ ምን ዐይነት ነበር፣ ማን ሰፋው፣ ዛሬ የት ነው? መልሱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ናቸው። ብረቱ ይቆያል፤ ቆዳውና የቆዳው ወሬ ግን አይቆይም።